ሃያ አራት ጊዜ ሀ

ሰኞ 3

አዲስ ደብተር፣ አዲስ ሥራ! ዛሬ ጥናቱ ተጀመረ። እኔም ከተራ ነርስነት "የጥናቱ መዝገብ ያዥ ነርስ" ወደሚባል ማዕረግ ተሻገርኩ። ማዕረጉ ከክፍሌ ይረዝማል። ክፍሌ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና አንድ የግድግዳ ስልክ ነው፤ ከበሩ ውጭ ደግሞ ሕፃናት በሙሉ ድምፃቸው የሚያለቅሱበት ኮሪደር አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርድ ሲገባ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ጆሮ ይመግላል። የምንሰጣቸው ሽሮፕ ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ አሞክሲሲሊን ብቻውን፣ ሌላው ያው አሞክሲሲሊን ሆኖ ባክቴሪያው እንዳያከሽፈው ረዳት የተጨመረበት። ረዳት ያለበት ይበረታል ይላሉ። ሆድ ያላላል ይላሉ። ዶክተራችን ይሄ "ይላሉ" የሚባል ነገር ሰልችቷቸዋል። ስለዚህ አንድ መቶ ሃያ ልጆች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሾቹ አንዱን፣ ግማሾቹ ሌላውን ለአሥር ቀን ይጠጣሉ፤ በአሥረኛው ቀን ዶክተሩ ጆሯቸውን ያያሉ። ለሚቀጥለው ብርድ ክሊኒኩ የትኛውን እንደሚያስቀድም የሚወሰነው በዚህ ነው። ሁለቱም ሽሮፕ ሮዝ ነው፣ ሁለቱም እንጆሪ እንጆሪ ይላል። የቱ የቱ እንደሆነ የሚያውቀው በዶክተሩ ካዝና ውስጥ የታሸገ አንድ ፖስታ ብቻ ነው፤ ጠርሙሶቹ ላይ ያለው ፊደል ነው።

ዶክተሩን በስውር "ጋሽ ነጥብ" እንላቸዋለን፤ አራት ነጥብ የጎደለውን ወረቀት ሁሉ ስለሚመልሱ። ዛሬ ሰብስበውን፣ "ሀ እና ለ ብንላቸው እናቶች ሀ አንደኛ የወጣ ይመስላቸዋል። እኩል የሚጠሩ ፊደላት መርጫለሁ" አሉና ሰሌዳው ላይ ሀ እና ሐ ጻፉ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ። ፊታቸው እንዲያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። እኛም አጨበጨብን።

ረቡዕ 5

አካሄዱን ለምጄዋለሁ። ወላጅ እኔ ጋ ይመዘገባል፣ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ምድር ቤት ወዳለው መድኃኒት ክፍል ይወርዳል። ፋርማሲስቱ ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ዕጣ ያወጣል፤ ዕጣው ላይ ያለው ፊደል የተለጠፈበትን ጠርሙስ አንስቶ የልጁን ቁጥር ይጽፍበትና ይሰጣል፤ ከዚያ ለእኔ ይደውላል። እኔ መዝገቡ ላይ እጽፋለሁ። ፊደሉ የሚመዘገበው እኔ ጋ ብቻ ነው። ዶክተሩ ስልኩ ላይ ወረቀት ለጥፈዋል፦ "ሃሌታው በሉ ወይም ሐመሩ በሉ። ሀ ብቻ ማለት ክልክል ነው።" ሁለት አራት ነጥብ አለው፤ ቆጥሬአለሁ።

ፋርማሲስቱ አዲስ ነው፣ በጓሮ በር ስለሚገባ አላየሁትም። "ምድር ቤት" ብዬ ስም አውጥቼለታለሁ። ድምፁ ደህና ነው። ደህና ነው ማለቴ፣ ይሰማል። "ቁጥር ሰባት፣ ሐመሩ። አመሰግናለሁ እመቤት" አለኝ። እመቤት! ስልኩን ሰቅዬ መስታወት ፊት ሄድኩ፣ ድንገት አርጅቼ እንደሆን ብዬ።

ሰኞ 10

ወላጆች ጋ መደወልም የእኔ ሥራ ነው፤ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ። ዛሬ አንድ አያት አነሱ።

"አባባ፣ ልጁን ያስቀምጠዋል?" አልኳቸው።

"ኧረ ማን ሊያስቀምጠው! ሲሮጥ ነው የሚውል።"

በሳቅ ፍርስ አልኩ። ለምድር ቤት ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ግን በምን ምክንያት ተደውሎ? እንደ አጋጣሚ ቁጥር 19 ሊነግረኝ ሲደውል ነገርኩት። እሱ ግን "ደስ ይላል፣ እመቤት" ብሎ ብቻ ዘጋው። ድንጋይ ነው እንዴ ይሄ ሰውዬ?

ሐሙስ 13

ድንጋይ አይደለም!!

ቁጥር 31። ስልኩ ጮኸ። "ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ ሀ—" አለና አንድ ነገር ተንኳኳ፣ ሕፃን ጮኸ፣ እሱም "ሃ ሃ ሃ!" ብሎ ፈነዳ። ልጁ በመስኮቱ እጁን ሰዶ መነጽሩን ነጥቆታል። "አሁን ምንም አይታየኝም። እሱ ግን መነጽሬን አድርጎ እናቱን እየመረመራት ነው" አለኝ። ሳቄ መጣ። የእኔ ሳቅ ደግሞ የሚያምር ዓይነት አይደለም፤ አብራኝ የምትኖረው እህቴ እቴቴ "አልነሳ ያለ ሞተር" ትለዋለች። እሱ ሰምቶ ይበልጥ ሳቀ። "አንቺ ስትስቂ ደግሞ እንዴት ነው የምታስቂው!" አለ።

አንቺ! ከዚያ ደነገጠ። "ይቅርታ፣ እርስዎ ማለቴ..."

"አንቺ ይሻላል" አልኩ። አፌ ነው ያለው፤ እኔ የለሁበትም።

ስልኩን ሰቅዬ መዝገቡ ላይ ሀ ጻፍኩ። ሀ ብሏላ።

ዓርብ 14

በሩጫ። 32 ሀ። 33 ሀ። 34 ሀ። ኮሪደሩ ሞልቷል። የዶክተሩ ወረቀት ከስልኩ ላይ ተላቆ ወደቀ፤ ጀርባው ላይ የአውቶቡሱን ሰዓት ጻፍኩበት። ምድር ቤት ዛሬ ሲደውል ገና ከ"ሀ"ው ነው ሳቁ የሚጀምረው። "ቁጥር ሠላሳ ሦስት፣ ሀ" ይላል፤ እኔ "ሃ ሃ" እለዋለሁ፤ እሱ "ሃ ሃ ሃ" ይላል፤ ከኋላው የሚያለቅሰው ልጅ ራሱ ዝም ይላል። ሥራ እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል። ሥራው ነው ደስ የሚለው።

ማክሰኞ 18

41፣ 42፣ 43። ሀ፣ ሀ፣ ሀ።

41 ላይ "የትኛው?" ልለው አፌ ላይ መጣ። ግን ስለ አንዲት እናት እያወራ ነበር፤ ሽሮፑን ራሷ ቀምሳ "ለእኔም ይጻፍልኝ" ያለችውን። መሀል ገብቼ ብጠይቀው ምን ይለኛል? "ይቺ ልጅ አታዳምጥም" ቢልስ? እኔ ደግሞ እሱ ሲያወራ ጆሮዬን ጥዬ ነው የማዳምጠው። ምናልባት ሐመሩ ሲሆን ብቻ ይሆናል ሙሉውን የሚጠራው። አዎ፣ እንደሱ መሆን አለበት። ነገ እጠይቀዋለሁ።

እቴቴ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ስዘፍን ሰምታ በሩ ላይ ቆመች። "ምን ነካሽ?" አለች። ምን ይነካኛል? ሰው በሥራው አይደሰትም?

ረቡዕ 19

አልጠየቅኩም። ሰልፉ ረጅም ነበር።

ሐሙስ 20

ቁጥር 47። የዓመት ከመንፈቅ ልጅ ናት፤ አባቷ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሁለቱንም ጆሮዋን በሁለት እጇ ከድና ገባች፤ ሁለቱም ይመግላሉ። ወዲያው በሆዴ "ሁለት ጆሮ" አልኳት። አንጀቴን በላችው። አባቷ ባርኔጣውን እያሻሸ፣ "ከኋላዋ ሆኜ ስጠራት አትዞርም። ፊቷ ስቆም ነው የምትስቀው። ትሰማኛለች ወይስ ታየኛለች?" አለ። ዶክተሩ ከጆሮ ታምቡሯ ጀርባ ፈሳሽ እንደተጠራቀመ፣ በመድኃኒቱ ሊደርቅላት እንደሚችል ነገሩት። ሊችል ነው ያሉት። ሰውዬው ያቺን ቃል ይዞ ወረደ።

ትንሽ ቆይቶ ስልክ። "ቁጥር አርባ ሰባት፣ ሀ። አላለቀሰችም እኮ! ታንኳ ሰጠኋት።" ለካ የወጣውን ዕጣ አጥፎ የወረቀት ታንኳ እየሠራ ነው ለልጆቹ የሚሰጣቸው። ሐሳቡ ከመነጽሩ ቀን የመጣለት ነው፤ እጃቸውን ሥራ ለማስያዝ።

"ጎበዝ!" አልኩት። እንዲህ ያለ ሰው አለ? ለእያንዳንዱ ልጅ ታንኳ!

እሑድ 23

ምሳ እየበላን ነበር። እቴቴ አንደኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ፊደል ስታስቆጥር ሰንብታ ድምፇ ዘግቷል። "እነዚህ ሁለት ሀዎች ጨረሱኝ" አለች። "አንዱ ልጅ 'ቲቸር፣ አንድ ሀ ካለን ሌላው ለምን ያስፈልጋል?' አለኝ። ኩባያና በርጩማ ብዬ ነው የማስይዛቸው። ሀ ወደ ላይ የተከፈተ ኩባያ፣ ሐ ባለ ሦስት እግር በርጩማ።"

እኔም ሞቅ ብሎኝ የእኛን ጥናት አወራሁላት፤ ጠርሙሶቹን፣ ዕጣውን፣ ስልኩን፣ ምድር ቤት "ሀ" ሲል እንዴት እንደሚስቅ።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ሀ ሲልሽ የትኛውን ሀ ነው የምትጽፊው?"

"ሀን ነዋ።"

"ኩባያውን?"

"ኩባያውን።"

"በርጩማው ሲሆንስ ምን ይልሻል?"

ክው አልኩ። መነጽሩ ከተነጠቀበት ቀን ጀምሮ ምድር ቤት ሐመሩ ብሎ አያውቅም። ሃሌታውም ብሎ አያውቅም። ከ31 እስከ 54፣ ሃያ አራት ልጅ፣ ሃያ አራት ኩባያ። እቴቴ ፊቴን አይታ መሳቅ ጀመረች፤ ከዚያ በእውነት አይታኝ ተወችው።

ሰኞ 24

"ቁጥር ሃምሳ አምስት፣ ሀ።"

"የትኛው ሀ?"

"ሐመሩ። ምነው፣ ዛሬ ቆፍጠን አልሽ?"

"እንዲሁ ነው።"

ስለዚህ እውነት ነው። ከዛሬ ወዲያ ሁሌም እጠይቃለሁ። ያለፈው ግን ያው አልፏል። ለዶክተሩ ነገ እነግራቸዋለሁ።

ረቡዕ 26

አልነገርኩም። ትናንት ስብሰባ ነበራቸው። ዛሬ ስብሰባ አልነበራቸውም።

ምሳ ሰዓት ላይ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ መዝገቡ በእርሳስ ነው የተጻፈው፣ ላጲሱም አጠገቤ አለ። ሳንቲም አወጣሁ፤ ፊቱ ኩባያ፣ ጀርባው በርጩማ። ለቁጥር 31 ወረወርኩ፤ በርጩማ ወጣ። ያ መነጽር ነጣቂ ልጅ ትዝ አለኝ። ለእሱ መድኃኒት ሳንቲም ልወረውርለት ነው? ሳንቲሙ ተንከባሎ ካቢኔው ሥር ገባ። ተንበርክኬ በማስመሪያ ስጎረጉር ዶክተሩ ኮሪደሩ ላይ ለአንድ እንግዳ ሲናገሩ ሰማሁ፦ "የዚያችን ልጅ መዝገብ ዓይኔን ጨፍኜ አምነዋለሁ።"

ጆሮ ጠቢ የእጁን ያገኛል። ካቢኔው ሥር እንደተንበረከክሁ ትንሽ አለቀስኩ፤ አቧራው አስነጠሰኝና ማልቀሱም ተበላሸ።

ቅዳሜ 29

ዶክተሩ ሰኞ መዝገቡን ሊያዩ ነው። ስለዚህ ጨርቄን ማቄን ሳልል ምድር ቤት ወረድኩ።

ከድምፁ ያጥራል። መነጽሩ በቁስል ፕላስተር ተጠግኗል። ሲያየኝ "ምን ልርዳዎት?" አለ፤ እኔ ሳቅ አመለጠኝ፤ ሞተሩን ሲሰማ ወዲያው አወቀኝ። ቆሞ ቀረ። እኔም ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ነገርኩት፣ በአንድ ትንፋሽ።

እሱም ክው አለ። "ሀ ስልሽ የገባሽ መስሎኝ..."

"እኔም የገባኝ መስሎኝ!"

"ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"የእኔ ነው እንጂ፤ መጠየቅ ነበረብኝ። ዕጣዎቹ ግን አሉህ አይደል? እሺ በለኝ።"

ፊቱ ቀላ። "ታንኳ ሆነዋል" አለ።

እግዜር ይይልኝ፣ ሳቅን። እንባችን እስኪመጣ፣ መደርደሪያውን ይዘን። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ግን ሃያ አራት እናቶች ሽሮፕ በስሪንጅ እየለኩ፣ ጠዋትና ማታ ከልጅ ጋር እየታገሉ የደከሙት ድካም መሀላችን ተቀመጠ። ቆይቶ እሱ ቀና አለ። "ጠርሙሶቹ! ፊደሉ ተለጥፎባቸዋል፣ ቁጥሩን ራሴ ጽፌባቸዋለሁ። ካልጣሏቸው እቤታቸው አሉ።"

ሰኞ 1

ከመግባቴ በፊት መዝገቡን ገልጠውት ነበር።

"ሳንቲም ሃያ አራት ጊዜ ወርውረሽ ሃያ አራት ጊዜ በአንድ ፊቱ ቢወድቅ ምን ትያለሽ?"

"ሳንቲሙ ሰክሯል እላለሁ" አልኩ። አይ እኔ! ፍርሃት ሲይዘኝ እንዲህ ነኝ። አልሳቁም።

ከዚያ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ወረቀቱ መውደቁን፣ ጀርባው ላይ የአውቶቡስ ሰዓት መጻፌን፣ ልጠይቅ ፈልጌ አለመጠየቄን፣ ከእሑድ ጀምሮ እያወቅሁ ሳምንት ሙሉ መደበቄን። ለምን እንዳልጠየቅሁ ግን አልነገርኳቸውም። እሱን ራሴም በደንብ አላውቀውም።

"እኩል የሚጠሩ ፊደላት የመረጠው ማን ነው?" አሉ።

"እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር።"

"እኮ። ብልጠቴ ነው ያጃጃለኝ።" ከዚያ ድምፃቸው ጠነከረ። "የጥናት ቦርዱ በአሥራ አምስት መዝገቡን ያያል። እስከዚያ የእነዚህ ልጆች ፊደል ካልታወቀ ጥናቱ ይጣላል፤ የልጆቹና የወላጆቹ ድካም ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። አንቺንም መዝገብ አላስይዝሽም።"

"ዛሬውኑ ስልክ ልደውልላቸው?"

"ስልክ?!" አሉ። "ከእንግዲህ በስልክ የመጣ ሀ አላምንም። ከሰዓት ከሰዓት ሂዱና በዓይናችሁ እዩ። ሁለታችሁም። አንዱ ሲያነብ ሌላው ይፈርም።"

ሁለታችሁም ሲሉ ልቤ ዘለለ። በዚህ ሰዓት የሚዘል ልብ ያለኝ መሆኑ ያሳፍራል።

ረቡዕ 3

አምስት አገኘን! የቁጥር 36 እናት ልብስ ሰፊ ናት፤ ጠርሙሱን የአዝራር ማስቀመጫ አድርጋዋለች። ሐ። ቁጥር 40፣ የቀለም ቀቢ ቤት፣ ብሩሽ ተነክሮበታል፤ ፊደሉ ግማሹ በሰማያዊ ቀለም ተሸፍኖ ሦስት እግር ብቻ ይታያል። "በርጩማ!" ብዬ ጮህኩ፤ ቀቢው መቀመጫ የፈለግን መስሎት ወንበር ሊያመጣ ሮጠ። የቁጥር 33 ጠርሙስ ደግሞ የታላቅ እህቱ "ልጅ" ሆናለች፤ በጨርቅ ተጠቅልላ ተኝታለች። ልጅቷ "ትነቃብኛለች" ብላ አሻፈረኝ አለች። ምድር ቤት መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እሹሩሩ ብሎ ዘፍኖላት ነው ጨርቁን የፈታችልን። ሀ። ከዚያ መልሰን ጠቀለልናት።

አሁን እንኳ "ምድር ቤት" ማለት ይከብደኛል፤ ፀሐይ ላይ አየሁት።

እሑድ 7

ዛሬ ረጅም እጽፋለሁ፤ እቴቴ የልጆቹን ደብተር እያረመች ነው፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል።

አሥራ ስምንት ደርሰናል። እግሬ አብጧል፣ ጫማዬ አፍ አውጥቷል፣ ደስታዬ ግን ልክ አጥቷል፤ ይሄ መቼስ የጤና አይደለም። ሥራዬ በቋፍ ላይ ነው። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የሚታየኝ ዶክተሩ "ገደል ገባ" ያሉት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ጋ የሚጠብቀኝ ሰው ነው። ሁለተኛው አንደኛውን ያስረሳኛል፤ ይሄው ነው ከመጀመሪያውም ያጠፋኝ። እንግዲህ ጻፍኩት።

ትናንት አንዲት እናት በር ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችንና፣ "ባልና ሚስት ሆናችሁ በሽሮፕ ጠርሙስ ነው የምትዞሩት?" አለች። እኔ "ኧረ አይደለንም!" አልኩ፤ እሱ ምንም አላለም። ምንም አለማለቱን መንገዱን ሙሉ ሳሰላስለው ሄድኩ።

ከሁሉ ከሁሉ ግን የአያትየው! ያ "ማን ሊያስቀምጠው" ያሉት። እሳቸው የመጀመሪያው የልጅ ልጃቸው ከዳነ በኋላ ታናሹንም አምጥተው ነበር፤ ቁጥር 51 እሱ ነው። ጠርሙሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ከሰነዶቻቸው ጋር ቆልፈውበታል። "ከክሊኒክ የመጣ ነገር አይጣልም" አሉ፤ ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ከፈቱ። መነጽራቸውን አደረጉና እኛ ሳናይ ራሳቸው አነበቡ፦ "ሐመሩ ሐ ናት።"

በዚህ ሁሉ ቤት ሐመሩ ያለን አንድ ሰው! ዘልዬ ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። ምድር ቤት እንደ ዳኛ ኮስተር ብሎ ፈረመ፤ ደረጃውን ወርደን ጨርሰን ነው የሳቅነው። እሳቸውም ከላይ ሆነው "ሳቁ፣ ሳቁ፣ ጆሮ ያለው ይስቃል" አሉን።

ሐሙስ 11

ሃያ ሦስት! አሥራ ሁለት ሀ፣ አሥራ አንድ ሐ።

የቀረችው 47 ናት። ሁለት ጆሮ። ቤታቸው ባዶ ነው፤ ጎረቤቷ አባትየው የመኪና መስመር ስለተቀየረበት ቤት ቀይሯል አለችን። ለአሥረኛው ቀን ምርመራም አልመጣም። በባዶው ቤት መስኮት ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ፤ ወለሉ ተጠርጎ ጠርሙስ የሚባል ነገር የለም። ልጅቷስ ትሰማ ይሆን? ስለ ፊደሉ ሳስብ እሷን ረስቼ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

ዓርብ 12

በአውቶቡስ ላይ ሆኜ ብልጭ አለልኝ። መቀነስ! ስንት ሀ፣ ስንት ሐ ጠርሙስ እንደመጣ ይታወቃል፤ የቀረውን ቆጥሮ፣ የተሰጠውን ቀንሶ፣ የ47 ፊደል በራሱ ይወጣል። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ።

ምድር ቤት ሰምቶኝ አልተደሰተም። "አንድ ጠርሙስ ተሰብሮብኛል" አለ። "አላስመዘገብኩም።"

"የትኛው ፊደል?"

"አላየሁም፤ ጠርጌ ጣልኩት።"

"መቼ?"

መነጽሩን አወለቀ። "መጀመሪያ የሳቅሽ ቀን።"

ስቆጣ ይታወቀኛል፤ ዛሬ ግን ቁጣዬ ጠፍቶብኝ ስፈልገው ዋልኩ። ሰኞ ለዶክተሩ ራሱ ሊነግራቸው ነው።

ቅዳሜ 13

መጡ! አባትና ልጅ፣ ዘግይተው። "መስመሬ ሩቅ ሆነብኝ፣ እረፍት አጣሁ" አለ ሹፌሩ። ስለ ጠርሙሱ ከአፌ ሳይወጣ "በዕቃ ማጓጓዝ ጠፋ" አለኝ። "ታንኳዎቿን ግን አለቅም ብላ እስካሁን አብረዋት ይተኛሉ።"

ታንኳ! ወደ ምድር ቤት ደወልኩ፤ ሮጦ መጣ። ልጅቷ ጡጫዋን ከፈተችው። በእያንዳንዱ መዳፏ አንድ አንድ ታንኳ።

"ለምን ሁለት?" አልኩት።

"ሁለት ጆሮ ያመማት ልጅ ናት። አንዱን ብሰጣት ሌላኛውን ጆሮዋን እያሳየች ጠየቀችኝ። የቀደመችውን ልጅ ዕጣ አጥፌ..."

በልመና ፈታናቸው። አንዱ ሀ። አንዱ ሐ። እሱ እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን። የቀደመችው ልጅ 46 ናት፤ ጠርሙሷን አይተናል፣ ሀ ነው። እንግዲያው ሐ የ47 ነው! አቅፌው ነበር፣ እሱ ባያስቆመኝ።

"ቆይ" አለ። "የቀደመችው ማለቴ... የ46 ይሁን የ45 እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለቱም ታንኳ አልፈለጉም ነበር፤ ሁለቱም ዕጣ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።" 45 ሐ ነው፤ ያ ከሆነ ደግሞ 47 ሀ ናት።

መልሰን አጠፍናቸው፣ ሰጠናት።

ከዚያ ዶክተሩ ከኋላዋ ተንበረከኩ። ጆሮዋን አይተው ጨርሰዋል፤ ታምቡሩ ጠርቷል። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ እኔ እንኳ በቅጡ ሳልሰማ፣ "ሀ" አሉ። ልጅቷ ዞረች። ዞራ ሳቀች። አባቷ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ደግሞ አለቅስ ነበር፤ ደግነቱ አቧራ አልነበረም።

ሰኞ 15

ቦርዱ ከሰዓት ይገባል። ጠዋት መዝገቡን ፊቴ ዘርግቼ፣ እርሳሴን ከቁጥር 47 ፊት ያለው ባዶ ቦታ ላይ አንዣበብኩ። ሐ ሊሆን ይችላል። ማንም አያውቅም። አንድ በርጩማ፣ ሦስት እግር፣ አለቀ።

ሳንቲሙ አሁንም ካቢኔው ሥር ነው።

"አልታወቀም።" ብዬ ጻፍኩ፤ ከነአራት ነጥቡ።

ምድር ቤት ገብቶ የተሰበረውን ጠርሙስ ተናገረ። ዶክተሩ ሰሙት፣ ከዚያ መዝገቡን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። 47 ላይ ቆሙ።

"ይህን መሙላት አቅቶሽ ነው?"

"አላቃተኝም፣ ዶክተር። ልሞላው ነበር።"

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። "እሱን ከተውሽው ሃያ ሦስቱን አልፈጠርሻቸውም ማለት ነው" አሉ። "ለቦርዱ እንዳለ አቀርበዋለሁ። ሂጂ፣ ኮሪደሩ ሞልቷል።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሱ። ጥናቱ ይቀጥላል። አንድ ልጅ ጎድሎ፣ ይቀጥላል! አዲስ ወረቀት ስልኩ ላይ ለጠፉ፤ በአራት በኩል፣ በፕላስተር።

ሐሙስ 18

"ቁጥር አንድ መቶ ሃያ፣ ሃሌታው።" የመጨረሻው። እንደ ወታደር ነው የተናገረው። እኔም እንደ ወታደር ጻፍኩ። መዝገቡ ተዘጋ፤ ዶክተሩ ካዝና ውስጥ ከፖስታው አጠገብ አስቀመጡት። የመጨረሻው ልጅ ጆሮ እስኪታይ ፖስታው አይከፈትም። ረዳት ያለበት ይሁን የሌለበት፣ አሁንም "ይላሉ" ነው።

ስልኩ ከሰዓቱን ሙሉ ዝም አለ። ክፍሌ ለካ እንዲህ ሰፊ ኖሯል።

ዓርብ 19

አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ሰልፍ የለም፣ ዕጣ የለም፣ የብስኩቱ ቆርቆሮ ባዶ ነው።

"ቁጥር ስንት?" አልኩ፣ ከልማድ።

"ቁጥር የለውም።"

"ታዲያ ለምን ደወልክ?"

ትንፋሹ ይሰማኛል። ከዚያ "ሀ" አለ።

ወረቀቱን አየሁት፤ እንደተለጠፈ ነው። "የትኛው ሀ?" አልኩ። "ሃሌታው ነው ሐመሩ?"

"የሳቁ" አለ።

መዝገቡ ተዘግቷል፤ ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት።